የመዳቡና የክሪስታሉ የግፊት ልኬት ጎን ለጎን እንዲታይልኝ

ለጥይት ፍተሻ ማዕከል ዋና ኃላፊ
ቀን፦ ግንቦት 14

ጉዳዩ፦ በፊርማዬ ያመንሁት ጥፋት እንደገና እንዲመረመርና የቀሩት ጥይቶች እንዳይተኮሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ባለፈው ወር በሙከራ ላይ ጠመንጃ እጁ ላይ ፈንድቶ ቀኝ ዓይኑን ያጣው ተኳሽ እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ከብዙ እፍረት ጋር ነው።

1. ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ የክፍል ኃላፊዬ መጥተው በርሜሉን ሳላጸዳ ተኩሼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አጽድቼ ነበር። ነገር ግን ለአዲስ ገቢዎች ጥንቃቄ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ፊቴን ተጠቅልዬ መታየቴ አሳፍሮኝ፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልፍልኝ ብዬ ረስቼ ይሆናል አልሁ፤ ያቀረቡልኝንም ፈረምሁ።

2. ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት መቆም ከብዶኛል። ውሃ ስቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ይፈስብኛል፤ ባለቤቴ እንዳላየች ሆና ትጠርጋለች። አማቴ “የራሷ አሮባት…” ብለው ጀምረው፣ ስገባ ወሬ ቀየሩ።

3. ባለፈው ሳምንት የማዕከሉ ግፊት ለኪ ባለሙያ ቤቴ ድረስ መጥታ ነገሩን አስረዳችኝ። በአሮጌው ዘዴ፣ የባሩዱ ጋዝ ትንሽ የመዳብ ቁራጭ ይጨፈልቃል፤ ምን ያህል እንዳጠረች ታይቶ ግፊቱ ይሰላል። አዲሱ ክሪስታል ግን ግፊቱን በኤሌክትሪክ በቅጽበት ይይዛል። መዳብ ለመጨፍለቅ ጊዜ ስለሚፈልግ ከግፊቱ ጫፍ አይደርስም፤ ለዚያው ጥይት ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ለየዘዴው የተለየ ወሰን ተቀምጧል፤ የክሪስታሉ ከፍ ያለ ነው።

“ጋሼ፣ የለካነው በመዳብ ነው፤ አለቃችን ያመሳከሩት ግን ከክሪስታሉ ወሰን ጋር ነው። ጠመንጃው ገና ይችላል ብለው በጥይቱ ላይ ባሩድ አስጨመሩበት” አለችኝ። ለክፍል ኃላፊያችን ስትነግራቸውም፣ ተኳሹ ራሱ አምኗል ብለው መልሰዋታል። ይህን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

4. ስለዚህ ከዚያው ምድብ የቀሩት ጥይቶች፣ ሰው ሳይጠጋቸው፣ በሁለቱም ዘዴ ተለክተው እያንዳንዱ ውጤት ከራሱ ወሰን ጋር እንዲመሳከር፣ እስከዚያም አንድ እንኳ እንዳይተኮስ እለምናለሁ። የዓይኔ ካሳ ይቆየኝ። በእኔ ቦታ የተመደበው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሰኞ ከዚያው ሳጥን ይተኩሳል። የሰማሁትን ሁሉ ነግሬ እንዲቀር ብለምነው፣ “አንተ ስላላጸዳህ ነው፤ እኔ አጸዳለሁ” አለኝ።

ትእዛዝዎ ከሰኞ እንዲቀድም እየተማጸንሁ፣
ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የቀድሞው የሙከራ ተኳሽ