የአባትህ ገልባጭ

ልጄ ተውፊቅ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ከጂዳው ሐሩር ይከልልህ። እኔ አያትህ እንድሪስ አለሁ፤ ጥርሴ አልቆ ምላሴ ብቻ ቀርቷል።

የአባትህን ሞት በስልክ ሰምተሃል፤ የመኪናውን ነገር ግን የነገረህ የለም። አሮጌውን አይሱዙ አንተ ስትመለስ የምትነዳው ገልባጭ ሊያደርገው ኮምቦልቻ ብየዳ ቤቱ ሲደክም፣ «ይሄ ሻንሲ፣ ጭነቱን የሚሸከመው የሥር ብረት፣ እንደኔ ወገብ ይጎብጣል» እያልኩ አበሽቀው ነበር።

«አባባ፣ እርስዎን ጭኜ እሞክረዋለሁ!» አለኝና ከሥሩ ሌላ ብረት ደርቦ በየደው።

የመጀመሪያውን ጭነት አሸዋ ለመስጊዱ ሰደቃ ሊያደርገው ነይቶ ነበር። አልደረሰም፤ የመጀመሪያው ጭነት የራሱ መቃብር ድንጋይ ሆነ። መኪናው ድንጋዩን ሲገለብጥ ሻንሲው ንቅንቅ አላለም፤ የጎበጥኩት እኔ ነኝ።

አሸዋው አንተን ይጠብቃል። ለአንድ ቀንም ቢሆን መጥተህ አሸዋውን መስጊዱ አድርሰህ ኒያውን፣ ያሰበውን፣ ሙላለት። አላህ በደህና ያገናኘን፤ ብቻ እኔንም እዚያው አባትህ መቃብር እንዳትገለብጠኝ።