ያልተተኮሰችው በግ

ጎንደር፣ አራዳ
ግንቦት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለምወድሽና ስልኬን ለማታነሺው ልጄ ለሐመልማል፣

ሰላምታዬ ከተራራችን ወርዶ፣ በማኪና ተንገላትቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ቤልጅየም ይድረስሽ። እናትሽ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ። የመንደሩ በጎችም ከአንገታቸው ጠባሳ በቀር ሸጋ ናቸው። የእንኳየሁ ልጅ ሄለን ለትምህርት ወዳለሽበት ስለምትመጣ ደብዳቤውን ለእሷ ልሰጣት እስከዚህ ወረድኩ። ስልክ ይዘጋል፤ በሰው እጅ የመጣ ወረቀት ግን አይመለስም ብዬ ነው።

መቼም አባትሽ መሪጌታ ዕድሜውን በሙሉ ቅኔ ያስተማረ ሰው ነው። ቃል ሰምና ወርቅ እንዳለው ለስንቱ ተማሪ ስነግር ኖሬ፣ ለገዛ ልጄ በስልክ ምን አልኳት? «አያ አምባቸው ተኮሳቸው፤ አንድም አልቀረ።» እኔ በጋለ ማጭድ ማለቴ ነው። አንቺ በጠመንጃ ሰማሽው። በዚህ ዘመን ሌላ ምን ልትሰሚ ኖሯል። «ማን ማን ሞተ?» ስትዪ መስመሩ ተቋረጠ። መስመሩ እስኪመለስ ድረስ መንደሩን በሙሉ በልብሽ ቀብረሽ ስታለቅሺ ሰነበትሽ። በኋላ ደስ እንዲልሽ ብዬ «ኧረ በጎቹ ናቸው» አልኩሽ። ያኔ ዝም አልሽ። ልቅሶሽን እችለው ነበር፤ ዝምታሽ ነው ያቃተኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። በጥምቀት ሰሞን ከባልደረቦችሽ ጋር በረዶ የሞላውን ሣጥን ይዛችሁ ስትመጡ፣ እሳት ዳር ቁጭ ብለሽ አስረዳሽኝ። የበግ ፈንጣጣ ክትባት ነው አልሽኝ። በውሃ የዋለ ተልባ በሚመስል ነገር ይለወሳል፤ ሲቀዘቅዝ በመርፌ ይፈስሳል፤ የበጓ ገላ ሲያሞቀው እዚያው ቆዳ ሥር ይረጋና መድኃኒቱን ለወራት ጠብ ጠብ ያደርጋል። ከታቢዎቹ ለሁለተኛው መርፌ ያንን አቀበት መውጣት አይጠበቅባቸውም። ስሙ ሃይድሮጄል ነው ስትዪኝ ከአርዮስና ከመቅዶንዮስ ጋር የተወገዘ መናፍቅ መስሎኝ ነበር።

«አባባ፣ ትንሽ እብጠት ይኖራል፤ እንዳትነኩት» አልሽ።

«ገብቶኛል» አልኩ።

አልገባኝም። አንቺ ስትናገሪ እኔ በሆዴ ሌላ ነገር እየደረደርኩ ነበር፦ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ፣ ልጄ ተረቱን በመርፌ ከተተችው።» ይቺን በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በማኅበር ቤት፣ በሰርግ ሁሉ ተናገርኳት። «እንዳትነኩት» የሚለው ቃል በአጠገቤ አልፎ ሄደ።

ጾሙ ሲጋመስ እብጠቱ መነጋገሪያ ሆነ። ቅዳሴ ወጥተን ሳለ ጎረቤታችን ምናለ ጠጋ አለኝ።

«መሪጌታ፣ ያ እንቁላልዎ በእግሩ መሄዱን ትቶ በጎቻችን አንገት ላይ ተቀምጧል። መቼ ነው የሚፈለፈለው?»

አየለች ደግሞ ነጠላዋን እያጣፋች፣ «ባሕር ማዶ ሄዳ የተማረችው በግ ማሳበጥ ነው?» አለች።

እኔን ቢሰድቡኝ መልስ አላጣም ነበር። አንቺን ሲነኩ ግን ቀጥ ብዬ አያ አምባቸው ዘንድ ሄድኩ። አያ አምባቸው እብጠት የተባለን ሁሉ፣ የበሬም ይሁን የሰው፣ በማጭድ ሲተኩስ የኖረ ነው፤ የእኔም ጉልበት ምስክር ነው። «እብጠት እሳት ይፈራል» አለኝ። በጎቹን አንገታቸውን ይዤ ያቀረብኩለት እኔ ነኝ። ማታ ስምሽ ጸድቶ ገባ፤ መንደሩ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል።

ከፋሲካ በኋላ ባልደረባሽ በላቸው ክትባቱ መያዙን ሊያጠና የበጎቹን ደም ሊቀዳ መጣ። የመጀመሪያዋን በግ አንገት ዳሰሰ፤ ሁለተኛዋን ዳሰሰ። ከዚያ ቀና ብሎ «መሪጌታ፣ መድኃኒቱ እኮ እሱ ነበር» አለኝ። አልተቆጣም። ምነው በተቆጣ። ዕቃውን ጫነ፤ ጥናቱም ወደ ሌላ ወረዳ ሄደ። ለጥናቱ ስትዪ ልትመላለሺ የነበርሽው ልጅ፣ ከእንግዲህ ወደ ደጃችን የሚያመጣሽ ሥራ የለም ማለት ነው። ስምሽን አድናለሁ ብዬ መንገድሽን አቃጠልኩት።

አሁን የምጽፍልሽን ያወቅሁት ማኪናው ከሄደ በኋላ ነው። እናትሽ ጓዳ ገብታ ጥቁሯን በግ እየሳበች ወጣች። ሌሎቹን ባልደረቦችሽ ሲወጉ፣ አንቺ በገዛ እጅሽ የወጋሻት እሷን ነበር። ከተኩሱ ቀን ጀምሮ ከጎታው ኋላ ደብቃት ኖሯል። እኔ አክስትሽ ቤት ተልካ መስሎኝ ነበር።

«መድኃኒት መሆኑን አውቀሽ ነው?» አልኳት።

«ምኑን አውቄ። ልጄ በእጇ የነካችውን እሳት አይነካብኝም ብዬ ነው።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አንተ ትሰማለህ እንዴ? አንተ ትቀኛለህ።»

ከሊቃውንት ጋር ስከራከር ኖሬ እንዲህ ያለ መልስ አልገጠመኝም።

ለበላቸው ደወልኩለት። አንዲት በግ ጥናት አትሆንም አለኝ። እንግዲያው ለምንም አትሆንም ማለት ነው። እኛ ግን አንሸጣትም፣ አናርዳትም። ጠዋት ጠዋት እኔ አንገቷን እዳስሳለሁ፤ እናትሽ ከደጅ ቆማ ትጠይቀኛለች።

«አለች?»

«አለች።»

«ከሳች?»

«ከሳች።»

እብጠቷ ባቄላ ታህል ነበር፤ አሁን ምስር ሆናለች። ሥራዋን ስትጨርስ ሟሙታ ምልክቷ እንኳ እንደማይገኝ ነግረሽኝ ነበር። ይህችን ብቻ ሰምቼሻለሁ። ለእናትሽ ግን አልነገርኳትም።

ይህን ደብዳቤ በቅኔ ልዘጋው አስቤ ተውኩት። ሥራ ባይኖርሽም ብትመጪ፣ እሳቱ ዳር ቦታሽ አለ። አንቺ ትናገሪያለሽ፤ እኔ እሰማለሁ።

የአባቶቼ አምላክ በሄድሽበት ይቅደምልሽ። እጅሽ የነካውን ሁሉ እሳት አይንካው። አሜን።

አባትሽ ወልደኢየሱስ
(መሪጌታነቱን ለዛሬ ትቼዋለሁ)

ሳልጽፍልሽ የረሳሁት፦ ዛሬ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ወደዚህ ከመነሳቴ በፊት ዳስሻታለሁ። አለች።