ስለ አውራ ጣቴ ጩኸት ለሪፈር ኮሚቴው ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ታምሩ
የሪፈር አጽዳቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አሶሳ

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎና ከነባልደረቦችዎ እንዴት ሰንብተዋል? ሌላው ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ ይላል፤ እኔ ከቀኝ እግሬ አውራ ጣት በስተቀር ደህና ነኝ። ለእርስዎም ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ፣ በተለይም በጥፍሩ አካባቢ፣ የተሟላ ጤና እመኝልዎታለሁ።

ምናልባት ፊቴን ባያስታውሱት፣ ወላጆቹ ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚሁ የተወለደው፣ ሰሌዳ ፊት በአንድ እግሩ ቆሞ የሚያስተምረው መምህር ምንይችል ነኝ። ሐኪሙ ራጁን አይተው የአውራ ጣቴ መገጣጠሚያ አልቆ አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ መሆኑን፣ ክኒኑም መርፌውም ከእንግዲህ እንደማያዋጣኝ፣ የቀረው መፍትሔ ሁለቱን አጥንቶች ጠርጎ በብረትና በብሎን አንድ ማድረግ እንደሆነ፣ ጣቱ ዳግመኛ ባይታጠፍም ሕመሙ እንደሚተወኝ አስረድተው፣ ቀዶ ጥገናው እዚህ ስለማይሠራ አዲስ አበባ እንድላክ ወደ ኮሚቴዎ መሩኝ። ከዚያ ወዲህ የተጠራቀሙትን ቅሬታዎቼን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

1. ኮሚቴው በተሰበሰበበት ክፍል ካልሲዬን አውልቄ እግሬን ወንበር ላይ እንድሰቅል ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ከአባላቱ መካከል ልጆቻቸውን የማስተምርላቸው ነበሩና ያንን ያበጠ ጣት ፊታቸው ስዘረጋ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። እርስዎ ጣቱን ተመልክተው፣ አሁንም የማይታጠፍን ጣት እንዳይታጠፍ ለማድረግ ሰው አዲስ አበባ ድረስ የሚላክበት ምክንያት እንዳልታየዎት ሲናገሩ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

2. በሪፈር ፈንታ ሶሉ የማይታጠፍ ጫማ እንዳደርግ ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። ምክሩ መጥፎ አልነበረም፤ ከስክስ አድርጌ ትምህርት ቤት እደርሳለሁ። ምክርዎ የዘነጋው ነገር ቢኖር፣ በእኛ ሰፈር ሰው ምንጣፍ ላይ የሚወጣው ጫማውን አውልቆ መሆኑን ብቻ ነው።

3. የጎረቤቴ የሼህ ሐምዳን ባለቤት እናታችን ዓዲላ ያረፉ ጊዜ፣ እናቴ ገበያ ስትውል እያበሉ ያሳደጉኝ እርሳቸው ስለነበሩ፣ ለቅሶ ለመድረስ ሄድሁ። ማንጎው ሥር ሰሌን ተነጥፎ ጫማ ዳር ዳሩን ተደርድሯል። እኔ ብቻ ከከስክሴ ጋር ዳር ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ላየኝ ሰው የሰፋሪ ልጅ አብሮን መቀመጥ ተጸየፈ የሚያሰኝ አቋቋም ነበር። ሼህ ሐምዳን ግን ወገቤን ያመመኝ መስሏቸው፣ ሐዘንተኛው እርሳቸው ሆነው ሳለ፣ ተነሥተው መጥተው እግሬ ሥር ተንበርክከው የጫማዬን ማሰሪያ ፈቱልኝ። ኧረ አይሆንም ብዬ ስለምናቸው ከስክሱን ሳብ አደረጉት። ጮኽሁ። በዚያ ቤት ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ አይወደድምና ዱዓው ቆመ፣ ሰው ሁሉ ዞረ። ሼህ ሐምዳን አቅፈውኝ «ሰብር አድርግ ልጄ፣ እሷ የአላህ ናት» እያሉ የራሳቸውን ሐዘን ትተው እኔን ማጽናናት ጀመሩ። የጮኽሁት ለጣቴ መሆኑን ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ፤ እንባቸው ትከሻዬን ሲያርሰው መልሼ ዘጋሁት።

4. ክቡርነትዎም እዚያው ሰሌን ላይ ነበሩ። ራጄን ያዩ ሰው ስለሆኑ ቢያንስ እርስዎ ነገሩ ገብቶዎታል ብዬ ነበር። በሳምንቱ በተደረገው የአብሮነት ስብሰባ ግን ያንኑ ጩኸት የሕዝቦች ወንድማማችነት ምሳሌ አድርገው አቀረቡት፤ አዳራሹም አጨበጨበ። ጣቴ ከዚያ በፊት ተጨብጭቦለት አያውቅምና ምስጋናው ይድረስዎት።

እኔ ግን አፍሬአለሁ። እናታችን ዓዲላን እወዳቸው ነበር፤ በዚያ ቀን ግን አንዲት ዘለላ እንኳ ለእርሳቸው አላነባሁም፤ ያለኝን እንባ በሙሉ ጣቴ ወሰደው። አሁን ደግሞ ያን ጩኸት ቆጥረውልኝ በአርባቸው ከልጆቻቸው ጎን እንድቀመጥ ተጠርቻለሁ። የትኛውን ፊቴን ይዤ እንደምቀመጥ አላውቅም። ስለዚህ ጉዳዬን እንደገና እንዲያዩልኝ እለምናለሁ። የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ሰው ሲሞትብኝ ለሞተው ሰው ማልቀስ እንድችል ነው።

ቆሜ እጅ እንድነሣ ጣቴ ስላልፈቀደልኝ ተቀምጬ ከወገቤ ዝቅ የምልልዎ፣
የወንድማማችነት ምሳሌዎ
መምህር ምንይችል

ግልባጭ፦
ለቀኝ እግሬ አውራ ጣት

ማሳሰቢያ፦ ሼህ ሐምዳን ነገሩን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ይህን ደብዳቤ አስቀድሜ አነበብሁላቸው። አቀርቅረው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ በአርባው ቦታዬ ያው ከልጆቻቸው ጎን እንደሆነ ነገሩኝ። ቀጥለው ሪፈሩን የከለከለኝ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ሰኞ ጠዋት ስለ እኔ ሊለምኑዎት ቢሮዎ ይመጣሉ። እርሳቸው ሰው እግር ሥር ለመንበርከክ አያፍሩም። የሚንበረከኩለት ሰው ምን እንደሚሰማው ግን እኔ ስለማውቀው፣ ከወዲሁ እንዲዘጋጁበት ብዬ ነው።