በታሰረ ጠርሙስ ውስጥ የወጣች ብል

ኅዳር 9 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ጠዋት 3 ሰ.

ስድስት ዛላ ማሽላ ቆረጥኩ። ከቆመው አገዳ ላይ፣ በገዛ እጄ። እዚያው ማሳው ውስጥ ቆሜ ከየዛላው ጥቂት ጥቂት ሰብሬ በማርማላታ ጠርሙስ ከተትኩ። አፉን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ሸፍኜ በድርብ ክር አሰርኩት። ቋጠሮው የኔ ነው። ሌላ ሰው ቢፈታው አውቃለሁ። አሁን መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

ለምን እንዳሰርኩት ላንቺ ልጻፈው፣ ደብተሬ። ሌላ የሚሰማኝ የለም።

ባለፈው ሚያዝያ ልዘራ ስል ዘሬን ላወርድ ዘይነባ ቤት ሄድኩ። ደጋሊት የምንለው ማሽላ ነው፣ ከእናቴ የወረስኩት። ዘይነባ ከልጅነት ጀምሮ ጎረቤቴ ናት። የኔ ቤት ቆርቆሮ ከለበሰ ወዲህ ጭስ አይዝም። የሷ ማጀት ግን አሁንም ሣር ክዳን ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የዘሩን ዛላ ከሷ ምድጃ በላይ ማገሩ ላይ ይሰቅላል፤ ጭሱ ይጠብቀዋል። የኔን ሳወርደው ፍሬው ሁሉ ተበስቷል። ነካ ሳደርገው ብል ቡን አለ።

በማግስቱ ቦኖ ላይ፣ ውኃ ልንቀዳ እንደተሰለፍን፣ ለሁሉም ተናገርኩ። የዘይነባ ጣሪያ ብል ይፈለፍላል አልኩ። በሳምንቱ ሴቱ ሁሉ ዘሩን ከሷ ቤት አወረደ። በነሐሴ እናቷ ሲሞቱ ለቅሶ አልደረስኩም።

ትናንት ደግሞ የግብርና ልማት ሠራተኛዋ ለተብርሃን ስብሰባ ላይ ተነስታ ብል ከማሳ ነው የምትመጣው አለች። ማሽላው ሲደርስ፣ ገና ሳይታጨድ፣ በርራ ዛላው ላይ ትወልዳለች አለች። እኔም ተነሳሁ። ስንት ዘመን ማሽላ የዘራሁ ሴት ነኝ፣ ይህን ትናንት የተወለደች ልጅ አትነግረኝም አልኩ። ሳቀች። ከማሳዎ ቆርጠው ጠርሙስ ውስጥ ይሰሩትና ይዩታ፣ እማማ ታደለች አለችኝ። እሺ፣ ምንም ካልወጣ ሰው ፊት ቆመሽ ከዘይነባ ጣሪያ ነው ትያለሽ አልኳት። ቢወጣስ? አለች።

ሲነጋ ማጭዴን ይዤ ማሳ ወረድኩ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ጠርሙሱ ውስጥ ምንም የለም። ደስ አለኝ። ክፉ ደስታ ነው፣ ላንቺ አልዋሽም።

ዘይነባን በሩቅ አየኋት። ጀሪካን ተሸክማ ወደ ታችኛው ቦኖ ትሄዳለች። የኛው ቦኖ ደጇ ላይ ነው። ከኔና ከሴቶቹ ጋር ላለመቆም ያን ሁሉ መንገድ። ጉልበቷን ያማታል። አይቼ እንዳላየ አለፍኩ።

ኅዳር 18፣ ከሰዓት

ምንም። ለተብርሃን ጎራ ብላ ጠርሙሱን አየች። ይህ ሽሮ አይደለም፣ በአንድ ቀን አይፈላም፣ ይታገሡ አለች። የእጅ ማጉያ መነጽሯን ትታልኝ ሄደች። ለእረፍት ወደ አገሯ ናት፣ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አትመለስም።

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ወንድሜ የኔታ ዘንድ ሲላክ እኔ እንስራ ተሸከምኩ። ዛሬ እሱ መነጽር እያለው አያነብም። እኔ ያለ አስተማሪ የብል ጉዳይ እጽፋለሁ። ማን ቀደመ? ማንም። እንዲሁ አረጀን።

ኅዳር 26፣ ረፋድ

አንድ ነገር አየሁ።

ጠርሙሱ ውስጥ፣ አንዲት ፍሬ ላይ፣ ክብ ምልክት አለ። በመርፌ ጫፍ የተሣለ ይመስላል። ቀዳዳ አይደለም። ቆዳው አለ፣ ግን ስስ ሆኗል፣ እንደ ትንሽ መስኮት። በማጉያው አየሁት። የማን መርፌ እንዲህ አስተካክሎ ይከባል?

ግቢዬ ውስጥ ከከመርኩት ማሽላ እንደሷ ያለባትን ሌላ ፍሬ ፈለግሁ። አገኘሁ። በጥፍሬ ሰነጠቅኋት። ውስጧ ነጭ ትል ተጠቅልሏል፣ ራሱ ብቻ ቡናማ። ዱቄቱን ጨርሶታል። ልጣጩን ግን አልነካም። ከውጭ ብታያት ደህና ፍሬ ናት፤ ላበጥር ብነሳ እንኳ አልጥላትም ነበር። አንዲት የማሽላ ፍሬ ለሱ ቤትም ናት ቀለብም።

ከኔ ክምር። ዘይነባ ቤት ያልገባ።

ክምሩን መልሼ ሸፈንኩት። አንድ ትል ምንም አይመሰክርም አልኩ።

ታኅሣሥ 3፣ ጎህ ሲቀድ

ወጣች።

እሳት ላነድ ተነስቼ ወደ ጠርሙሱ ዞር ስል ክቧ መስኮት ወደ ውጭ ተገፍታለች። በአንድ ጎኗ ብቻ ተይዛ እንደ በር ተከፍታለች። አጠገቧ እሷ። ገና አልደረቀችም። ክንፏ የተጨማደደ ጨርቅ ነው። ቁጭ ብዬ ሳያት እየሳበች እየሳበች ተዘረጋ፣ ተስተካከለ፣ እንደ ቤት ክዳን ጀርባዋ ላይ ተከደነ። እሳቱን ረሳሁት።

ከስንዴ ፍሬ ብዙ አትበልጥም። መልኳ የደረቀ ገለባ ነው፤ ገለባ ላይ ብታርፍ የትኛው ገለባ የትኛው እሷ እንደሆነ አትለዪም። ብርሃን ሲነካት ግን ሐር ናት። ከፊቷ ሁለት ቀጫጭን ነገሮች ወደ ላይ ቀልበስ ብለዋል፣ ልክ እንደ ራያ በሬ ቀንድ። በዚያ ትንሽነት ላይ ቀንድ።

ክሩን አየሁት። ቋጠሮዬ እንዳለ ነው። ማንም አልነካውም።

ማታ 12 ሰ.

ሦስት ሆነዋል። ለተብርሃን የለችም። ሌላ ያየ ሰው የለም። ጠርሙሱን ብደፋው፣ ባጥበው፣ ምንም አልወጣም ብል ማን ያውቃል?

ይህን ጻፍኩ። ስለዚህ አንቺ አወቅሽ።

ታኅሣሥ 5፣ ቀትር

ሁለቱ ሞተው ጠርሙሱ ሥር ወድቀዋል። ቋጠሮውን ራሴ ፈትቼ ሁለቱን አወጣሁና መልሼ አሰርኩት። አንዷን በጥቁር ሻሼ ላይ አስተኛሁና በስንደዶ ጫፍ ክንፏን ገለጥኩ።

ከላይኛው ክንፍ ሥር ሌላ ክንፍ አለ! ግራጫ። ጠባብ። ጫፉ ላይ በድንገት ቀጥኖ እንደ ጣት ይሾላል። ዙሪያውን ደግሞ ዘርፍ፣ ረጃጅም ፀጉር። ፀጉሩ ከክንፉ ራሱ ይሰፋል። ስንት ዓመት ጥጥ ፈትያለሁ፣ ስንቱን ነጠላ ቋጭቻለሁ። ዘርፉ ከጨርቁ የሚሰፋ ነጠላ አይቼ አላውቅም። ይህንን ሁሉ በሕይወቷ ሸፍናው ነው የምትሄደው። ማን ያየው ነበር? በእጃችን ጨፍልቀን አቧራ ሆነች የምንለው ይህን ዘርፍ ነው።

ቀኑን ሙሉ ልቤ ደንግጦ ዋለ። ለጸሎት እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም፣ ይቅር በለኝ።

ታኅሣሥ 9፣ ዋጃ

ልጄ ብርቄ ቤት። ገና ሳልቀመጥ ጎታሽን ክፈቺ አልኳት። እማዬ፣ ከብቱ አልበቃ ብሎሽ የብል እረኛ ሆንሽ? አለች። ባሏ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ይሳቅ።

ጎታው ውስጥ አለች። ያችው ገለባ፣ ያው ቀንድ። ግን ከላይ ብቻ። እጄን እስከ ክንዴ ሰደድኩ፤ ከሥር ያለው ንጹሕ፣ ከባድ፣ ቀዝቃዛ ማሽላ ነው። ወደ ውስጥ መቆፈር አትችልም፣ ያ ክንፍ ለመቆፈር አልተሠራም። ማድጋ ውስጥ ያለው በቆሎም ላይ አገኘኋት። በቆሎ ፍሬ ሰፊ ስለሆነ የወጣችበት በርም ሰፋ ያለ ነው።

ማታ ጀምበር ስትጠልቅ ያልታጨደው የጎረቤታቸው ማሳ ዳር ቆምኩ። ዛላው ላይ ሲበርሩ አየሁ። ዝቅ ብለው፣ እየደከሙ፣ እፍ ቢሏቸው የሚወድቁ። አንዷ የፍሬውና የገለባው መጋጠሚያ ላይ ጭራዋን አስገብታ ቆየች። እዚያው ስትወልድ አየኋት። በቆመ ማሽላ ላይ። ጣሪያ በሌለበት።

ታኅሣሥ 13፣ ጎብዬ

ገበያ። እህል ልገዛ አልመጣሁም። በየነጋዴው ጆንያ ላይ ጎንበስ እያልኩ አየሁ። አንዱ፣ እትዬ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ? አለኝ። ብል ፈልጌ ነው ስለው የኔ እህል ብል የለበትም ብሎ ተቆጣ። በእጁ ጀርባ ላይ አርፋ ነበር።

ብሏ ዋጃ አለች። እኛው ቆቦ አለች። ጎብዬ አለች። እፍ የሚሏት ነገር ከዘይነባ ማገር ተነስታ ይህን ሁሉ አገር ልታዳርስ? እንዲህ ያለውን ነው የተናገርኩት። አፌ ከክንፏ ርቆ ይበርራል።

ታኅሣሥ 16፣ ከሰዓት

ለተብርሃን ተመልሳለች። ጠርሙሱን አሳየኋት። እሰይ፣ ረታሁዎት ትላለች ብዬ ነበር፤ አላለችም። አጠገቤ ተቀምጣ አብራኝ አየች።

ብዙ ጠየቅኋት። ሙቀት ባለበት ቆላ ሁሉ ትገኛለች አለች፣ በኛ አገር ብቻ አይደለም፣ ባሕር ማዶም። ወደ ደጋው ስትወጪ ብርዱ ያዘገያታል። ከወጣች በኋላ እህል አትበላም፤ የሚያኝክ አፍ የላትም። ሁለት ሳምንት ብትኖር ነው። እህላችንን የሚጨርሰው ትሉ ነው። ታዲያ ያችን በር በምን ቆረጠቻት? አልኩ። ትል ሳለች ነው አለች። ከመተኛቷ በፊት ትቆርጥና ስሷን ቆዳ ትታት ትተኛለች፤ ስትነሳ በራሷ ገፍታ ትወጣለች።

ጥርስ ባላት ጊዜ፣ ጥርስ ለማይኖራት ጊዜ በር ታበጃለች። አይታው ለማታውቀው ነገር። ማን ነገራት?

ጠርሙሱ ውስጥ እንቁላል አለ። መጀመሪያ ነጭ ነበር፣ አሁን ቀልቷል። በማጉያ ካልሆነ አይታይም። እንደ በርበሬ ፍሬ ስባሪ እንኳ አይሆንም፤ የዚያ ስባሪ ስባሪ።

ልትሄድ ስትል ያለፈውን ዓመት ዘር መቼ ቆረጡት? አለች። ጥር አልኩ። አገዳው ላይ በደንብ ይድረቅ ብዬ፣ ሁሉም ሰው አጭዶ ሲጨርስ የኔ ብቻ ቆሞ ነበር። ለተብርሃን ጠርሙሱን ወደኔ ገፋ አደረገችው። መናገር አላስፈለጋትም። የአገሩ ብል ሁሉ ወዴት ይሂድ?

ይህንንም ልጻፈው። ያኔ ዘይነባ መጥታ፣ ታደሉ፣ ዘሩን ቶሎ ቁረጪው ብላኝ ነበር። ማሽላ የማውቀው እኔ ነኝ አንቺ? አልኳት።

ታኅሣሥ 21፣ ጠዋት 4 ሰ.

ከቦኖ መመለሴ ነው።

ጠርሙሱን ይዤ ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር። አንዷ አይታኝ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ቤት ልታቃጥይ ነው? አለች። ሳቁ። የራሴን አልኩ። ብሏ ከኔ ማሳ ነው የመጣችው፣ ከዘሬ ጋር ዘይነባ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ የዘይነባ ማጀት ንጹሕ ነው አልኩ። ሳላውቅ ተናገርኩ አልኩ። ጠርሙሱን ከእጅ ወደ እጅ ሰጠሁ። ወደ ብርሃን እያነሱ አዩ። አንዷ ቀስ ብላ፣ ኧረ ቀንድ አላት አለች።

ከዚያ ወደ ታችኛው ቦኖ ወረድኩ። ዘይነባ ተራዋ ደርሶ ትቀዳለች። ሁሉንም ደገምኩላት። ጠርሙሱን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችም። ጀሪካኑ ሞልቶ እስኪፈስ ጠበቀች።

ምድጃዬን ከልጅነትሽ ታውቂዋለሽ አለችኝ። ታደሉ፣ ጠርሙስ አስረሽ ነው ያመንሽኝ?

ጀሪካኗን አንስታ ሄደች። ላግዝሽ አልኩ፣ አልዞረችም።

የምመልስላትን ከቦኖ እስከዚህ ስፈልግ መጣሁ። ከቦኖ እስከዚህ ስፈልግ መጣሁ። ብሏን ለማመን አንድ ወር ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዘይነባን ለማመን አንድ ጠዋት አልጠበቅሁም።

ነገ እሄዳለሁ። ጠርሙሱን አልይዝም። ዘሬን ስቀዪልኝ ለማለትም አልሄድም፣ ዛላዬ እዚሁ ይቀመጥ። ለእናቷ ነው የምሄደው። ከነሐሴ ጀምሮ የቀረሁትን ለቅሶ ልደርስ። መደቡ ላይ ተቀምጬ ስለሳቸው የማውቀውን እናገራለሁ፤ ብዙ አውቃለሁ፣ አሳድገውኛል ማለት ይቻላል። ብሏን አላነሳም። ካላስገባችኝ ደጁ ላይ እቀመጣለሁ። ከነገ ወዲያም እንደዚሁ። ካስገባችኝ ደግሞ መጀመሪያ የምለው፦ ዘይነባ፣ ዘግይቻለሁ፣ ይቅር በይኝ።