የሦስት ቁጥር ቫልቭ

የካቲት 24
እንደ ሁልጊዜው ዋልኩ። ጠዋት ቦይለር ክፍል፣ ከሰዓት ጨርቅ ማቅለሚያው። ቫልቮቹን እየዘጋሁ፣ እየከፈትኩ፣ ጆሮዬን እያስጠጋሁ። ሁሉም ደህና ናቸው። ወደ ሦስት ቁጥር ታንከር እንፋሎት የሚያስገባው ግን ውስጡ ኳ... ኳ... ይላል። የሚዘጋው ብረት ከዘንጉ ላይ ላልቶ ይሆን? ታቢታ ታንከሩን ልታጥብ ቱታዋን እየቆለፈች ነበር። "ሽበሼ፣ ዛሬም ከቫልቭ ጋር ነው ወሬው?" ብላ ሳቀችብኝ። ይህቺ ልጅ ሰው ሳትተርብ ውላ አታውቅም።

የካቲት 25
ለጋሼ ሞገስ ነገርኳቸው። የጥገና ኃላፊያችን ናቸው፤ ሥራውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መጥተው ጆሯቸውን ሰጡት። ያን ጊዜ ዝም አይል መሰላችሁ! "ይዟል እኮ" አሉ። ለመፍታት ቦይለሩ መጥፋት አለበት፤ ቦይለሩ ከጠፋ ፋብሪካው ይቆማል። ስለዚህ ለጨምበላላ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ሁሉም እረፍት ሲወጣ ይፈታል። ጨምበላላ መቼ ነው ግን? ሽማግሌዎቹ ሰማዩን አይተው ቀኑን ገና አልተናገሩም።
ተናደድኩ። ግን አልተከራከርኩም።

መጋቢት 3
ቀኑ ዛሬም አልታወቀም። ቫልቩ አንድ ቀን ያንኳኳል፣ አንድ ቀን ጸጥ። ታቢታን ታንከር ከመግባትሽ በፊት ጠበቅ አድርገሽ ዝጊ አልኳት። በሁለት እጇ እንደምትዘጋ ነገረችኝ።

መጋቢት 6
ታቢታ ታንከሩ ውስጥ እያለች እንፋሎት ገባባት። ጩኸቷን ከወርክሾፕ ሰማሁት። ስደርስ የፈረቃ ኃላፊዋ ፍሬሕይወት እጀታውን ይዛ ታሽከረክራለች... ወደ የት እንዳዞረችው ራሷም አታውቅም፤ ቀድሞ ተዘግቶ እንደነበር ማወቅ አልተቻለም። ጋሼ ሞገስ ቦይለሩን አጠፉት። ጎትተን አወጣናት። ስለ ቆዳዋ አልጽፍም።
ቦይለሩ ከሰዓት ተመልሶ ተነሳ። ቫልቩን እንፍታው ብል ማን ሰምቶኝ። የደንበኛ ትዕዛዝ አለብን ነው መልሱ።

መጋቢት 7
ሥራ አስኪያጁ ቆመው እያዩ እጀታውን ዘጋሁት። ያዘ። ትንፋሽ እንኳ አላሳለፈም! "እንግዲህ ልጅቷ ሳትዘጋ ነው የገባችው" አሉ። ይፈታና ይታይ አልኩ። ለጨምበላላ ተባልኩ። ጋሼ ሞገስ መሬት መሬት ያያሉ።
ማታ ፒያሳ ሻይ ቤት ውስጥ ሳይቀር "ረስታ ነው አሉ" ሲባል ሰማሁ። ወሬ እንዴት ይፈጥናል?

መጋቢት 10
ሆስፒታል ሄድኩ። ፊቷ በሙሉ በፋሻ ነው። በድምፄ አወቀችኝ። እንደዚያ የምትስቅ ልጅ...
"ሽበሼ፣ ዘግቼው ነበር አይደል?" አለች።
ልቤ አዎ ይላል። ያን ኳኳታ እኔ ሰምቼዋለሁ። ግን አጥብቄ ስዘጋው ይዟል። ሳይፈታ እንዲህ ነው ማለት በእኛ ሥራ ነውር ነው። ጋሼ ሞገስ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው። "ፈትቼ አይቼ እነግርሻለሁ" አልኳት። መቼ አለች። ለጨምበላላ አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።
እናቷ እስከ በሩ ሸኙኝ። ምን ነክቶኝ ነው የረሳሁት እያለች ራሷን እንደምትጠይቅ ነገሩኝ። አጽናናኋቸው። በምን እንዳጽናናኋቸው እንጃ።

መጋቢት 14
ቀኑ ታወጀ! እሑድ ነው። ምነው ዛሬ በሆነ።

መጋቢት 19
ከተማው ወደ በዓሉ ሜዳ ወደ ጉዱማሌ ሲጎርፍ እኔና ጋሼ ሞገስ ባዶ ፋብሪካ ውስጥ ነበርን። ብሎኖቹን ፈታን። ክዳኑን ሳነሳው ዘንጉ ብቻውን ወጣ። የሚዘጋው ብረት ተለይቶ ታች ተጋድሟል። ለካ እጀታው እስከ መጨረሻ ቢዞርም ብረቱ አብሮ አይወርድም። ሲያሻው ቦታው ላይ ይወድቅና ይዘጋል፣ ሲያሻው ይጋደምና ያሳልፋል። ጋሼ ሞገስ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ። "ልጅቷ ዘግታዋለች" አሉ። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም።
ብረቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ባጃጅ ያዝኩ። መንገዱ ሁሉ ጭፈራ ነው፣ ባጃጁ መላወሻ አጣ። ወርጄ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ መልካም በዓል ይለኛል...
አልጋዋ ባዶ ነው። ጎህ ሲቀድ አርፋለች።
እናቷ ኮሪደሩ ላይ ከዘመዶቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። ጨርቁን ፈትቼ አሳየኋቸው። ዘግታው ነበር፣ ምንም ጥፋት የለባትም አልኩ። ብረቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ትናንት ማታ ታቢታ "የሥራ ጓደኞቼን ይቅርታ በሉልኝ፣ በእኔ ዝንጉነት አስደነገጥኳቸው" ብላቸው እንደነበር ነገሩኝ።
"ያን ቀን ስትጠይቅህ ታውቅ ነበር?" አሉኝ።
ጠርጥሬ ነበር አልኩ።
አልጮሁብኝም። ብረቱን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡትና "አዎ ብትላት ምን ነበረበት?" አሉኝ።