የጠራችውን ሁሉ አመጣሁ

ጥቅምት 3
ልብስ አጠብኩ። ቡላ አገነፋሁ። ምራቴ ኢፍራህ ከወለደች ዛሬ ስምንተኛ ቀኗ። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ይኸው እቤቴ ተኝቷል... ማሻአላህ። ልጄ ሙዝደሊፋ አራስነቷን እዚህ ቡታጅራ፣ እኔ ዘንድ እንድትጨርስ ትቷት ጅጅጋ ወደ ሱቁ ተመለሰ። እሷ አማርኛ የላት፣ እኔ ሶማሊኛ የለኝ። “እማ፣ በእጅ ትግባባላችሁ” አለኝ። በእጅ! ሠላሳ አንድ ዓመት አራተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማርኩ ሴትዮ፣ በእጅ?

ቋንቋ በምን ይጀመራል? በስም። ነገ እጀምራለሁ።

ጥቅምት 4
እኔ እጠቁማለሁ፣ እሷ ትጠራለች፣ በወረቀት ጽፌ እለጥፋለሁ። ጠረጴዛ ሚስ። አልጋ ሰሪር። በር አልባብ። ለሙዝደሊፋ በስልክ አነበብኩለት።

“ጎበዝ እማ! ግን ጾታም አላቸው። ለወንዱ ኋላው ላይ ‘ካ’፣ ለሴቷ ‘ታ’ ትያለሽ።”

ሚስካ፣ ጠረጴዛው። ሰሪርታ፣ አልጋዋ። የኛው “ው” እና “ዋ” ናቸው እኮ! አልባብካ... በሩም ወንድ ነው። ለካ እንዲህ የሚነጫነጨው ወዶ አይደለም።

ለሴት ቀይ እስክሪብቶ፣ ለወንድ ሰማያዊ። ቤቱ ወረቀት በወረቀት ሆነ።

ጥቅምት 8
ዛሬ ቅቤውን እያሳየች “ሱበግ” አለች። ልጄን ቅቤ አማራት! ገንፎዋ ላይ ጨመርኩላት። በላች። ጣሳውን አሳይታ ደግማ “ሱበግ”። ጨመርኩ። በሦስተኛው ግንባሯ በላብ ተጠመቀ። ምራት ማለት እንዲህ ናት፣ ሳትግደረደር የምትበላ! ጎረቤቴ ከድጄ ብቅ ብላ “ምን አድርገሻት ነው? ፊቷ እኮ አብረቀረቀ” አለችኝ። ኮራሁ።

ጥቅምት 9
“ሂሊብ” አለች። ሥጋ መጣ። “ዓኖ” አለች። ወተት መጣ። ከጠራች አመጣለሁ። ግስ ምን ያደርግልናል?

ጥቅምት 12
ጉድ ነው። እናት “ሆዮ” ናት፣ ሴት። ደህና። እናቶች ሲበዙ ግን “ሆዮዪን” ተብለው የወንዱን “ካ” ይይዛሉ። አባቶች ሲበዙ ደግሞ የሴቷን! ሙዝደሊፋን በስልክ ሦስቴ አስደገምኩት።

“እማ፣ እኔ አይደለሁም የሠራሁት!”

በየትኛው እስክሪብቶ ልጻፈው? ለከድጄ ነገርኳት። ምንም አልገረማት። “እውነታቸውን ነው። አባቶች ሦስት ዓመት ተሰብስበው ተሰብስበው... ሰፈራችን ውኃ ያስገባው በኋላ ማን ሆነና?” ሆዮዪንካ፣ እናቶቹ! ስንስቅ ሕፃኑን ቀሰቀስነው።

ጥቅምት 15
ዛሬ አልሳቅኩም። ወተት ይዤ ልገባ ስል በሩ ጋ ሰማኋት። ልጁን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን አንገቱ ሥር ቀብራ፣ “ሆዮ... ሆዮ... ሆዮ...” ትላለች። እየደጋገመች። ወተቱን ይዤ ተመለስኩ።

እናቷ ናፍቃታለች። እንዴት አይናፍቃት? የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ በሰው አገር፣ ከአንዲት ወረቀት ለጣፊ አሮጊት ጋር። ቅቤ ስትል ቅቤ አመጣሁ። እናትን ከየት አመጣለሁ?

ጥቅምት 16
ዛሬም “ሆዮ”። ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ።

ልልካት ነው። ልጁም ይሄዳል... ይህን ባዶ ቤት ማን እንደሚሞላልኝ አላውቅም። ባሌ ከሞተ ወዲህ እዚህ ቤት ሰው ሲያለቅስ ደስ ያለኝ በዚህ ሕፃን ብቻ ነው። ግን ለራሴ ብዬ የሰው ልጅ አላሳቅቅም። ለሙዝደሊፋ ደወልኩ። “መጥተህ ውሰዳት።” “ምን ሆናችሁ?” ቢለኝ ዘጋሁበት። አልቻልኩማ።

ጥቅምት 18
ሙዝደሊፋ መጣ። ሻንጣዋን አዘጋጅቼ፣ አንድ ጣሳ ንጥር ቅቤ ጨምሬ፣ በሩ ሥር አቁሜ ጠበቅኩት። ኢፍራህ ሻንጣውን ስታይ ልጁን ጥብቅ አድርጋ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ለባሏ የሆነ ነገር አለችው።

“ምን አጠፋሁ ነው የምትለው። ለምንድነው የምታባርሪያት?”

“እኔ? የማባርራት? እናቷን እየጠራች ስታለቅስ ሰምቼ እኮ ነው!”

ነገራት። ሁለቱም ተያዩ። ከዚያ ያ ከይሲ ልጄ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ።

“እማ፣ ልጇን ነው! ሶማሌ እናት ልጇን በራሷ መጠሪያ ነው የምትጠራው። እናት ልጇን ‘ሆዮ’ ትላለች። ማቆላመጥ ነው።”

ወይ አላህ! የናፈቃት የለም። ልጇን እያቆላመጠች ነው፣ እኔ ሻንጣ እሸክፋለሁ።

“ደግሞ ቅቤውን ቀንሺላት” አለ እንባውን እየጠረገ። “ስሙን ልታስጠናሽ ነበር። ጠርታ ሳትጨርስ ታመጪያለሽ። የአማት እጅ አይመለስም ብላ ነው የበላችው።”

ላብ ያጠመቃት ለካ... መሬት ብትከፈት እገባ ነበር! ግን ሄድኩና ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ “ሆዮ” አልኳት። እንደ ልጇ። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሻንጣውን ሙዝደሊፋ መልሶ አስገባው።

ጥቅምት 21
ገንፎ፣ በአንድ ማንኪያ ቅቤ። “ሱበግ” ስትል አልተነቃነቅኩም። “ሱበግ” አልኳት ብቻ። እፎይ አለች።

ስወጣ ሻርፔን ከኋላ አስተካከለችልኝ። ምን አይነት ጨዋ ልጅ ናት አልኩ። ገበያውን ዞርኩ፣ ሽንኩርት ገዛሁ፣ ተማሪዎቼ የነበሩት ሁሉ ሰላም እያሉኝ ፈገግ ይላሉ። ስመለስ ከድጄ ከኋላዬ ጮኸች፦

“ሳሌሃ! ጀርባሽ ላይ ወረቀት አለ!”

ነቅዬ አየሁት። በላቲን ፊደል፣ በቀዩ እስክሪብቶዬ፣ አንድ ቃል። ሆዮ።

“ምን ይላል?” አለችኝ ከድጄ።

“የዕቃው ስም ነው” አልኳት። መልሼ ደረቴ ላይ ለጠፍኩትና ወደ ቤት ገባሁ።