ቆሞ የቀረው በርሜል

የአቶ ኤይናር ስኮግ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኤይናር ስኮግ ከአባታቸው ከአቶ ቶርቫል ስኮግና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማድሌን እ.ኤ.አ. በማርች 1941 ከፎርት ሄለር መንደር በላይ፣ በወንዙ ዳር በምትገኝ አንዲት የአጥማጆች ጎጆ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ከኖርዌይ መጥተው በወጥመድ አውሬ እያጠመዱ ቆዳ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። እናታቸው እዚሁ ወንዝ ዳር ተወልደው ያደጉ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ የዴኔ ተወላጅ ነበሩ። አቶ ኤይናር ከአባታቸው እንጨት መጥረብን፣ ከእናታቸው ደግሞ ዝም ብሎ ሰማይ ማየትን እንደተማሩ ይናገሩ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እንደ ዘመናቸው ልጆች ሁሉ በጀልባ ተጭነው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወሰዱ። ስለዚያ ቤት ሲያወሩ ሰምተን አናውቅም። የአጃ ገንፎ በቀረበበት ገበታ ግን አይቀመጡም ነበር፤ ጠረኑ ብቻ ከቤት ያስወጣቸው ነበር። ከዚያ እንደወጡ ወደ ደቡብ ወርደው በአንድ የአውሮፕላን ጥገና ቤት ተቀጠሩ፤ ብየዳና የሞተር ሥራ ተማሩ፤ የአብራሪነት ፈቃድም አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ ፎርት ሄለር ተመልሰው ጡረታ እስከወጡበት ጊዜ ድረስ የመንደራችንን የመብራት ጄኔሬተር ሲጠብቁ ኖሩ። በብርዱ ወራት መብራት ጠፍቶብን የማያውቀው በእሳቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 የጀልባ ነጂውን የአቶ አልፎንስን ልጅ ወይዘሮ ሴሊንን በሕግ አገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ብቸኛ ልጃቸው ሮዛሊ ተወለደች።

አቶ ኤይናር ብዙዎቻችሁ የምታውቋትን አውሮፕላን መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በዚያን ጊዜ በመንደራችን ብርዱን ሙሉ እሳት የማይጠፋበት ሰፊ ክፍል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ዛሬ የተሰበሰብንበት ይህ ቤተ ክርስቲያን ነው። አባ ሉሲየን ፈቀዱላቸው። የጥድ እንጨት ክንፎቹ ከጣሪያው ተሰቅለው፣ ሕዝቡ ለአራት ዓመት ከክንፎቹ ሥር ቅዳሴ አስቀደሰ።

አባ ሉሲየን አንድ እሑድ፣ "ኤይናር፣ ሕዝቡ ቀና ሲል እግዚአብሔርን እንዲያስብ ነበር የምፈልገው፤ አንተ የእንጨት ጎድን ሰቀልክበት" ቢሏቸው፣

"ቢያንስ ቀና አለልዎት፣ አባ" ብለው መለሱላቸው።

የክንፉን ጨርቅ በእጃቸው የሰፉት ወይዘሮ ሴሊን ናቸው፤ የበረዶ ጫማ በሚሰፉበት አሰፋፍ ነበር የሰፉት። የጄኔሬተሩ ባልደረባቸው አቶ ፌሊክስ በየማታው እየመጡ፣ "ይሄ የዶሮ ቤት እንቁላል የሚጥለው መቼ ነው?" ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ሴሊንም መርፌያቸውን ሳያቆሙ፣ "አንተ ፌሊክስ፣ የበረረ ቀን አሳፍሩኝ ብለህ ደጅ ትጠናለህ። ያን ጊዜ ጭራው ላይ ነው የማስርህ!" ይሏቸው ነበር።

አውሮፕላኗ አልቃ ስትታይ በበሩ አልወጣ አለች። አቶ ኤይናር ሁሉን ለክተው በሩን አልለኩም ነበር። ከመሠዊያው በስተግራ ቀለሙ የተለየው ግድግዳ ያን ቀን ተፈርሶ፣ በኋላ እሳቸው ራሳቸው የገጠሙት ነው። ፌሊክስ ጭራው ላይ ሳይሆን ከፊት ተቀምጠው በረሩ፤ ሲወርዱም የዶሮ ቤቱን ነገር አላነሡም። ይህ አቶ ኤይናርን ከሁሉ በላይ ያስደሰታቸው ነገር ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እንድንተወው ከአንዳንድ ወዳጆች ምክር ደርሶናል። የቀብር ቀን ነገር አይደለም ተብለናል። አላስቀረነውም፤ ያለ እሱ የእሳቸው ሕይወት ታሪክ የለውምና።

በአገራችን ከመንደር ርቆ የሚበር ሰው ነዳጁን አስቀድሞ በበርሜል በየሐይቁ ዳር ያስቀምጣል። ሙሉ በርሜል ይቆማል፤ ባዶ በርሜል ይተኛል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሌላ ምልክት አያስፈልገውም። የቸገረው ሰው የሌላውን ነዳጅ ቢወስድ ማንም አይቀየመውም። በርሜሉን ሳያስተኛ መሄድ ግን የለም። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ የማያውቀውም የለም።

እ.ኤ.አ. በ1986 በኦገስት መጨረሻ አቶ ኤይናርና ወይዘሮ ሴሊን እስከ ሰሜኑ ባሕር በርረው የወይዘሮ ሴሊንን እህት ጠይቀው ሲመለሱ፣ ወይዘሮ ሴሊን በመንገድ ላይ ሆዳቸውን ታመሙ። የትርፍ አንጀት ሕመም ነበር። በስተምሥራቅ የማዕድን ፈላጊዎች ሰፈር ነበረ፤ እዚያ ነዳጅም ሬዲዮም ይገኝ ነበር። በስተደቡብ ሆስፒታሉ ነበረ፤ እዚያ ለመድረስ ግን በመንገዱ ላይ ነዳጅ መሙላት ያስፈልግ ነበር። አቶ ኤይናር በእህትማማቾች ሐይቅ ላይ ዞረው ወደ ታች ሲያዩ፣ በበረዶው ወራት ያስቀመጡት በርሜላቸው እንደ ቆመ ነበር። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ መታጠፉን ትተው አውሮፕላኗን በተንሳፋፊ እግሮቿ ሐይቁ ላይ አሳረፉ።

በርሜሉን በእጃቸው ሲመቱት ጮኸ። ባዶ ነበር፤ በአውሮፕላኗ የቀረው ነዳጅም ዳግመኛ ተነሥቶ እስከ ምሥራቁ ሰፈር አያደርስም ነበር። ክዳኑ ተመልሶ በደንብ ጠብቋል።

ከበርሜሉ አጠገብ ሦስት አጋዘኖች ወድቀው ነበር። ራሳቸው ብቻ ተቆርጦ ተወስዷል፤ ሥጋው እንዳለ ተትቶ ተልቶ ነበር። ቀንድ ብቻ ፈልገው ከሩቅ አገር የሚመጡ አዳኞችን በአውሮፕላን የሚያመላልስ ሰው በዚያ ዘመን በአካባቢያችን አንድ ነበር። ስሙን እዚህ አንጽፈውም። ከአቶ ኤይናር ስም ጋር በአንድ ወረቀት ላይ እንዲቀመጥ አልፈለግንም።

በኮረብቶቹ መካከል ሬዲዮው ለማንም አልደረሰም። ወይዘሮ ሴሊን በሐይቁ ዳር በድንኳን ውስጥ ተኝተው፣ ባለቤታቸውን አንድ ነገር ብቻ ለመኗቸው።

"ኤይናር፣ ሌላ ቦታ አስተኛኝ። እዚህ ይሸታል።"

አቶ ኤይናር ተሸክመዋቸው ነፋስ ወደሚመጣበት፣ ወደ ውሃው ገባ ወዳለው የሐይቁ ዳርቻ ወሰዷቸው። ነፋሱ ግን በዚያ ቀን አቅጣጫውን ይቀያይር ነበር። ወይዘሮ ሴሊን በማግስቱ ንጋት ላይ ዐረፉ። በአካባቢው ያለፈ አውሮፕላን አይቷቸው ሲያርፍ፣ አቶ ኤይናር አጠገባቸው ተቀምጠው በቅጠል ዝንብ ሲከላከሉላቸው አገኛቸው።

ከቀብሩ በኋላ የአካባቢው አብራሪዎች በዚሁ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰበሰቡ። ያ ሰው ከፊት ተቀምጦ ነበር። "በርሜል እኮ ክብ ነገር ነው፤ ነፋስ ይሆናል ያቆመው" አለ። ጥቂቶች ሳቁ።

የወይዘሮ ሴሊን እናት እማማ ቴሬዝ ከኋላ ሆነው፣ "ልጄ፣ ነፋስ ክዳን መልሶ ያጠብቃል እንዴ?" ብለው ጠየቁት።

አዳራሹ ጸጥ አለ። የመንደራችን ወንድ ግማሹ ከዚያ ሰው ዘንድ ሥራ ነበረው፤ የፌሊክስ ልጅም እዚያ ይሠራ ነበር። ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ስብሰባው ስለ አየር ማረፊያው መብራት ተነጋግሮ ተበተነ። እማማ ቴሬዝ ግን እስኪሞቱ ድረስ ያንን ዝምታ፣ "ከአጋዘኖቹ ይልቅ የሸተተኝ እሱ ነው" ይሉት ነበር።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ አቶ ኤይናር ውሃው ክፍት በሆነበት ወራት ሁሉ ብቻቸውን ይበሩ ነበር፤ እስከ ባሕሩ ዳር፣ ዛፍ እስከማይበቅልበት ሜዳ፣ ስም እስከሌላቸው ሐይቆች ድረስ። በየሐይቁ ዳር ቆመው የቀሩ በርሜሎችን በእጃቸው እየመቱ ያዳምጣሉ። ሙሉ ከሆነ አይነኩትም። ባዶ ከሆነ ያስተኙታል። ሰዉ "በርሜል አስተኚው" የሚል ስም አወጣላቸው።

ፌሊክስ ማታ ማታ በሬዲዮ ይጠሯቸው ነበር። "በርሜል አስተኚው! ዛሬስ ማንን አስተኛህ?"

"ካንተ በቀር ሁሉንም። አንተን የሚያነሣ ክሬን አላገኘሁም።"

በኋላ ከደቡብ ጋዜጠኞች መጡ። በገዛ እጁ በሠራት ትንሽ አውሮፕላን ሰው በማይኖርበት ምድር ብቻውን ስለሚዞር ጀግና ጻፉ። አንዷ ጋዜጠኛ፣ "እዚያ ላይ ሲሆኑ ምን ይሰማዎታል? ነፃነት?" ብላ ጠይቃቸው ነበር።

"ያቅለሸልሸኛል" አሏት።

ከፍታው መስሏት፣ አየሩ ሲረብሽ እሷንም እንደሚያማት ነገረቻቸው። አቶ ኤይናር አላረሟትም። ጽሑፉ ሲወጣ የፀሐይ መግቢያ ሥዕል ነበረበት። ያንን ጋዜጣ ለምድጃ ማቀጣጠያ ተጠቀሙበት።

እኛ ቤተሰቦቻቸው የምናውቀው ሌላ ነገር ነበር። አቶ ኤይናር በዚህ አገር ያለን ባዶ በርሜል ሁሉ ሲያስተኙ አንዱን አልነኩትም። የእህትማማቾች ሐይቅ በርሜል እንደ ቆመ ነው። በየዓመቱ ከላዩ ዞረው፣ አይተውት ይመለሱ ነበር።

ልጃቸው ሮዛሊ አንድ ቀን፣ "አባዬ፣ ለምን አታስተኛውም? እሱን እያየህ እኮ ነው አንጀትህን የምታሳርረው" ብላ ለመነቻቸው።

"የእኔ ሥራ አይደለም" አሏት። "ባዶውን ያቆመው ሰው እጅ አለው። በዚያው እጁ ያስተኛው።"

የመጨረሻ በረራቸውን እ.ኤ.አ. በ2019 አደረጉ። ሲመለሱ አውሮፕላኗን ወደ ዳር አስጎትተው፣ "ቆሟል" አሉና ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ ሳንባቸው እየደከመ ሄደ። ሐኪሞች ካንሰር መሆኑን ነገሩን።

ባለፈው ማርች፣ የልደታቸው ሰሞን፣ ያ ሰው ወደ መኝታ ክፍላቸው መጣ። ብርቱካን ይዞ ነበር። ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ነበርን።

"ኤይናር፣ ያኔ ቸኩለን ነበር" አለ። "እንግዶቹ በረዶ ሊጥል ነው ብለው ፈሩ። ሞልቼ እመልሳለሁ ብዬ ነበር የወሰድኩት። ከዚያ... ረሳሁት። ይቅር በለኝ።"

አቶ ኤይናር ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቅን። "ሐይቁን ታውቀዋለህ" አሉት።

"አሁን እኮ ዝገት ነው፣ ኤይናር። ማን ያየዋል? ምን ይጠቅማል?"

"አውሮፕላን አለህ?"

"አለኝ።"

"እጅህ ይሠራል?"

ሰውየው ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ዕድሜው፣ ስለ ልጆቹ ስም ተናገረ፤ ልጆቹ እንዳይሰሙ ለመነን። ነገሩ በዚያው ክፍል ውስጥ እንዲቀርም ጠየቀ። ይቅርታ ሲለምን ያልፈሰሰ እንባው ያን ጊዜ ፈሰሰ።

አቶ ኤይናር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ሮዚ፣ መስኮቱን ክፈችልኝ። ይሸታል" አሉ። ውጭ በረዶ እየጣለ ነበር። መስኮቱን ከፈትንላቸው፤ ሰውየው እስኪወጣም አልዘጋነውም። ብርቱካኑን ቁራዎች በሉት።

ይቅር አላሉትም የሚሉ አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። የይቅርታውን መንገድ ነግረውታል፤ መንገዱ በአውሮፕላን የግማሽ ቀን ነው። ሐይቁ ከበረዶ ከተላቀቀበት ጊዜ ጀምሮ ውሃው ክፍት ነበር። በየሳምንቱ በዚያ የሚያልፉ አብራሪዎችን ይጠይቁ ነበር። መልሱ አልተለወጠም። በመጨረሻዎቹ ቀናት አንደበታቸው ሲከብድ በዓይናቸው ብቻ ይጠይቁን ነበር፤ እኛም እውነቱን እንነግራቸው ነበር።

አቶ ኤይናር ስኮግ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2022 በተወለዱ በ81 ዓመታቸው በቤታቸው፣ መስኮቱ እንደ ተከፈተ ዐረፉ። ልጃቸውን ወይዘሮ ሮዛሊን፣ አማቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም እስካሁን ድረስ ክሬን ያልተገኘላቸውን ወዳጃቸውን አቶ ፌሊክስን ትተው ሄደዋል።

ቤተሰቡ አበባ እንዳይመጣ አሳውቆ ነበር። ሆኖም በአውሮፕላን ቅርጽ የተሠራ አንድ ትልቅ የአበባ ጉንጉን ከዚያው ሰው ትናንት ደርሶናል። ወደ ውስጥ አላስገባነውም።

ከጸሎቱ በኋላ በቤታቸው ደጅ የቆመውን የራሳቸውን በርሜል ልጃቸው ታስተኛዋለች። ባዶ ነው። የቀረውን ነዳጅ ከመሞታቸው በፊት ለወጣቷ አብራሪ ለዊላ ሰጥተዋል። መምጣት ለምትችሉ ሁሉ ቤቱ ክፍት ነው።

የሰማይና የምድር ጌታ የአቶ ኤይናርን ነፍስ ከወይዘሮ ሴሊን አጠገብ፣ ንጹሕ አየር በሚነፍስበት ስፍራ ያሳርፍልን። እዚህ ለተቀመጥነውም ጫማችንን ከማየት ቀና የምንልበትን አንገት ይስጠን።

ዊላ ትናንት በእህትማማቾች ሐይቅ ላይ አልፋ ነበር። በርሜሉ ቆሟል። ሐይቁ ገና በረዶ አልሠራም፤ ውሃው ክፍት ነው።